የገንዳችሁን ውሃ ማን ይጠብቅ? ታብሌት፣ የበረኪና ፓምፕ፣ ጨው ወይስ ሴንሰር

የገንዳዬ መቆጣጠሪያ ማሽን ስክሪን ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲዳማነት መለኪያ፣ 7.5 ነው ይላል። አጠገቡ «ሁሉም ደህና» የሚል አረንጓዴ ምልክት በርቷል። ልጄ ግን ከገንዳው ወጥታ «አባዬ፣ ዓይኔን!» እያለች ነው። ክሎሪኑ በዝቶ ይሆናል ብዬ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የከረመውን የጠብታ መመርመሪያ አወጣሁ። ውሃ ቀዳሁ፣ ቀዩን ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ቢጫ ሆነ። ፌኖል ሬድ የሚባለው ይህ ፈሳሽ እንዲህ ጥርት ያለ ቢጫ የሚሆነው ፒኤቹ ወደ 6.8 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ውሃው አሲዳማ ሲሆን ነው።

ማሽኑ ለሳምንታት ሲዋሸኝ ከርሟል ማለት ነው። ሴንሰሩ አርጅቶ ፒኤቹን ከእውነተኛው በላይ ያነባል፤ ከፍ ብሏል ብሎ አሲድ ይጨምራል፤ መልሶ ያነባል፤ መልሶ ይጨምራል። አሲዱን ተቋቁሞ ፒኤቹን የሚያረጋጋው አልካሊኒቲ የሚባለው ነገር ተሟጦ አለቀ። የውሃ ማሞቂያው ውስጥ ያለው መዳብም መሟሟት ጀምሮ ውሃው ለየት ያለ ሰማያዊ-አረንጓዴ ቀለም ይዞ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ቀለም እንዴት ያምራል ብዬ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ልኬዋለሁ።

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ገንዳዬ 15,000 ጋሎን ይይዛል፣ 57,000 ሊትር ገደማ። እዚህ ከተማ ብዙ ሐበሻ ቤት ሲገዛ ገንዳውም አብሮ ይመጣል፣ እና መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ይሄ ነገር ራሱን እንዲችል ማድረግ አይቻልም?» የሚል ነው። ይቻላል፣ በብዙ መንገድ። እኔ እዚህ የማነሳቸውን አራቱንም ወይ በራሴ ወይ በጎረቤት ገንዳ ላይ አይቻቸዋለሁ። የገባኝ ነገር፣ አውቶማቲክ የሚባለው ሥራውን አያስቀርም፣ በሌላ ሥራ ይቀይረዋል። በየቀኑ ክሎሪን ከማፍሰስ ትገላገሉና በየወሩ ማሽኑን መፈተሽ ይመጣል። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት የትኛውን ሥራ ሳትሰለቹ እንደምትሠሩት አስቡ።

ማሽን የሚነካውና የማይነካው

በቤት ገንዳ ማሽን የሚቆጣጠረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ክሎሪንና ፒኤች። በየቀኑ የሚለዋወጡት እነሱ ናቸው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም ሲዲሲ የሚመክረው ፒኤቹ ከ7.0 እስከ 7.8 እንዲሆን፣ ክሎሪኑም ቢያንስ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ)፣ ስታቢላይዘር ያለበት ገንዳ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 2 እንዲሆን ነው።

አልካሊኒቲ፣ ካልሲየምና ስታቢላይዘር ቀስ ብለው የሚሄዱ ናቸው። እነሱን የትኛውም የቤት ማሽን አይነካቸውም፣ ሻጩ የፈለገውን ቢላችሁ። በእጅ ትለካላችሁ፣ በእጅ ታስተካክላላችሁ።

ስታቢላይዘሩን፣ ማለትም ሲያኑሪክ አሲድን፣ በደንብ ካልተረዳችሁት ከታች የምጽፈው ሁሉ ግራ ያጋባችኋል። ለክሎሪን እንደ ጃንጥላ ነው። ያለ እሱ የቬጋስ ፀሐይ ከግማሽ በላይ ክሎሪናችሁን በአንድ ሰዓት ውስጥ ትበላዋለች። ጃንጥላው ሲበዛ ግን ክሎሪኑ ከሥሩ ተሸሽጎ ይቀራል፤ በመለኪያ አለ፣ ሥራ ግን አይሠራም። ብዙ ባለገንዳዎች የሚጠቀሙበት ልክ ክሎሪኑ ከስታቢላይዘሩ ቢያንስ 7.5 በመቶ እንዲሆን ነው። ስታቢላይዘር 40 ከሆነ 3 ፒፒኤም ክሎሪን ይበቃል፣ 100 ከደረሰ ግን 7.5 ያስፈልጋችኋል። ይህቺን ስሌት ያዟት፣ ትመለሳለች።

ታብሌት፦ ርካሽ የሚመስለው

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ባለ 3 ኢንቹን ክብ ታብሌት ተንሳፋፊ ዕቃ ውስጥ ወይም ከቧንቧው ጋር የተገጠመ ጣሳ ውስጥ ትከታላችሁ፣ እየሟሟ ክሎሪን ይሰጣል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ሴንሰር የለ። ግማሽ አውቶማቲክ በሉት።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ገንዳቸውን እንደ ጓሮ ጎመን ነው የሚንከባከቡት። አንድ ነሐሴ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ክሎሪኑ 4 ይላል፣ ውሃው ግን አረንጓዴ ነው። ምን ጉድ ነው?» ስታቢላይዘሩን ለካን። ይህ ምርመራ የሚያስቅ ነው፦ ውሃውን ከአንድ ፈሳሽ ጋር ስትቀላቅሉት ወተት ይመስላል፣ ከዚያ ከታች ጥቁር ነጥብ ያላት ቱቦ ውስጥ እያፈሰሳችሁ ነጥቧ የምትጠፋበትን ቦታ ታነባላችሁ። የጋሼ ነጥብ ቱቦው ገና ሳይሞላ ድርግም አለች። ከ100 በላይ።

ከየት መጣ? ከታብሌቱ ራሱ። ትራይክሎር የሚባለው ይህ ታብሌት ለሚሰጣችሁ ለእያንዳንዱ 10 ፒፒኤም ክሎሪን 6 ፒፒኤም ስታቢላይዘር አብሮ ይጨምራል። በሙቀቱ ወራት ገንዳችሁ በቀን 3 ፒፒኤም ክሎሪን ቢበላ፣ ስታቢላይዘሩ በቀን 1.8 ይጨምራል። በወር 54። ክሎሪኑ ያልቃል፣ ስታቢላይዘሩ ግን ይከማቻል፣ ውሃው ሲተንም አብሮ አይተንም። መውጫው ውሃውን መቀየር ብቻ ነው።

እዚህ ከተማ ውሃ መቀየር ቀላል ነገር አይደለም። ከምንጠጣው 90 በመቶ ገደማው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ከሚድ ሐይቅ ተስቦ ነው የሚመጣው። የገንዳ ውሃ መንገድ ላይ አይደፋም፤ በቤቱ የፍሳሽ መስመር በኩል ይወጣል፣ ምክንያቱም ወደ ፍሳሽ የገባው ታክሞ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ የሚሠሩ የቤት ገንዳዎች ስፋት ከ600 ስኩዌር ፊት እንዳይበልጥ የወሰነው ያለ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ታብሌቱ አሲዳማ ነው፣ ፒኤችና አልካሊኒቲን ቀስ እያለ ይሸረሽራል። ዋጋውም አይታመንም፦ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሎራ የተባለው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያና ውስጥ አንድ ትልቅ የታብሌት ፋብሪካን አስቃጠለና በቀጣዩ ዓመት ባልዲው ሲወደድ ሁላችንም አየን። ከሁሉም በላይ ግን ታብሌት በነበረበት ጣሳ ውስጥ ሌላ ዓይነት ክሎሪን፣ በተለይ ካል-ሃይፖ የሚባለውን፣ በጭራሽ አትጨምሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ይቃጠላሉ፣ ይፈነዳሉ። ማጋነን አይደለም።

ታብሌት ለእኔ የጉዞ ዕቃ ነው። ለሁለት ሳምንት ከቤት ስወጣ አንድ ሁለት ጣል አደርጋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ግን አይሆንም።

በረኪና በፓምፕ፦ ማንም የማያስተዋውቀው

ፈሳሽ ክሎሪን ስሙ ይክበድ እንጂ ያው በረኪና ነው፣ ጠንከር ያለ። እዚህ የሚሸጠው ከ10 እስከ 12.5 በመቶ ነው። ስታቢላይዘር አይጨምርም፣ ካልሲየም አይጨምርም፣ የሚተወው ትንሽ ጨው ብቻ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፦ 1 ጋሎን ባለ 10 በመቶ በረኪና 10,000 ጋሎን ውሃ ውስጥ 10 ፒፒኤም ይሰጣል። ለእኔ 15,000 ጋሎን በቀን 3 ፒፒኤም ማለት ግማሽ ጋሎን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው።

ይህንን በየማታው በእጅ ማፍሰስ ይቻላል፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በማሽን ሲሆን ግን አንድ በርሜል፣ አንድ ትንሽ ፓምፕና አንድ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል። ፓምፑ ለስላሳ ቱቦ በመንኮራኩር እየጨመቀ ጠብታ ጠብታ የሚልክ ዓይነት ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ እንደሚያዩት። በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ትነግሩታላችሁ፣ አለቀ። ውሃውን አይለካም። እና ይሄ ድክመት የሚመስለው ነገር ነው እኔ የወደድኩለት፦ የሚዋሽ ሴንሰር የለውም። በየሳምንቱ ትለካላችሁ፣ ክሎሪኑ ከወረደ አምስት ደቂቃ ትጨምራላችሁ፣ ከወጣ ትቀንሳላችሁ። የፀሐይ ነገር ቬጋስ ውስጥ ከቀን ወደ ቀን ብዙ ስለማይለዋወጥ ለሳምንታት ሳልነካው ሄዶ ያውቃል።

ችግሩ በርሜሉ ነው። በረኪና ሙቀት አይወድም። በጁላይ 2024 ከተማዋ 120 ፋራናይት፣ 49 ሴልሺየስ ገደማ፣ በደረሰችበት ሰሞን ፀሐይ ላይ የተቀመጠ በርሜል ውስጥ ያለው ምን እንደሚሆን አስቡት። 12.5 ብላችሁ የገዛችሁት በሳምንታት ውስጥ ኃይሉ ይወርዳል፣ ፓምፑ ያንኑ ያህል ይልካል፣ ክሎሪኑ ግን ያንሳል። ጥላ ሥር አድርጉት፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ የሚበቃ አትግዙ። በወር 13 ወይም 14 ጋሎን መሸከምም ለወገብ ነው። ቱቦዋ እያረጀች ስለምትሰነጠቅ በዓመት አንዴ ሳትጠብቋት ቀይሯት፤ በረኪና ኮንክሪት ላይ ሲፈስ ያደረ ሰው ሁለተኛ አይረሳም።

ወጪው፣ እኔ ስጠያይቅ እንዳየሁት፣ ፓምፕና በርሜል ከ300 እስከ 700 ዶላር ነው። ከሁሉም ርካሹ አውቶማቲክ ይሄ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ግን ማንም ይህንን ልሽጥላችሁ አይልም።

ጨው፦ ጓሮ ውስጥ ያለ የበረኪና ፋብሪካ

«የጨው ገንዳ ክሎሪን የለውም» የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችኋል? እኔን በየሠርጉ ይገጥሙኛል። ውሸት ነው። ጨው ያለበት ውሃ በኤሌክትሪክ በሚሠሩ የቲታኒየም ሳህኖች መሃል ሲያልፍ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ወደ ክሎሪን ይለወጣል። ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ተመልሶ ጨው ይሆናል፣ ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ውሃው ለቆዳ ለስለስ የሚለው በጨው የተነሳ እንጂ ክሎሪን ስለጠፋ አይደለም።

አብዛኞቹ ማሽኖች 3,200 ፒፒኤም አካባቢ ጨው ይፈልጋሉ። የባሕር ውሃ 35,000 ገደማ ስለሆነ እምብዛም አይቀመስም። ጨው ከሌለው ውሃ ጀምራችሁ 15,000 ጋሎን ወደዚህ ለማድረስ 400 ፓውንድ፣ ማለትም ባለ 40 ፓውንዱን 10 ከረጢት ጨው ትጨምራላችሁ። ከዚያ በኋላ ውሃ ሲረጭና ፊልተር ስታጥቡ የወጣውን ብቻ መተካት ነው።

ስትገዙ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ «ለ15,000 ጋሎን» ተብሎ የተጻፈውን ለ15,000 ጋሎን አትግዙ። ያ ቁጥር የተሰላው ማሽኑ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ነው። ለ40,000 ጋሎን የሚባለው ትልቁ በ24 ሰዓት 1.4 ፓውንድ ገደማ ክሎሪን ያመርታል። ፓምፓችሁ በቀን 8 ሰዓት ብቻ ቢሠራ ግማሽ ፓውንድ እንኳ አይሞላም፣ ይህም በእኔ ገንዳ 3.7 ፒፒኤም አካባቢ ነው። ልክ የሚበቃኝ። ትንሹን ብገዛ ኖሮ በነሐሴ አይበቃኝም ነበር። የሳህኖቹ ዕድሜ ብዙ ጊዜ 10,000 ሰዓት አካባቢ ይባላል፤ በቀን 8 ሰዓት በሙሉ ኃይል ካሠራችሁት ሦስት ዓመት ተኩል አይሞላም፣ በግማሽ ኃይል ግን እጥፍ ይቆያል። መተኪያው ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ስለሆነ ትልቁን መግዛት ውሎ አድሮ ይረክሳል።

ጨው ሁለት ሥራ ያመጣባችኋል። አንደኛው ፒኤች ነው። ሳህኖቹ የሚለቁት ጥቃቅን አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውሃው ያስወጣዋል፣ ፒኤቹም ወደ ላይ ይሄዳል። ሁልጊዜ ወደ ላይ። አልካሊኒቲውን ከ60 እስከ 80 ብታወርዱት ሩጫው በጣም ይቀንሳል፤ ሱቅ ያለው ልጅ 120 አድርጉ ቢላችሁ አትስሙት። ቢሆንም አሲድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የእኛ የቬጋስ ውሃ ነው። ከቧንቧው የሚመጣው የካልሲየምና የማግኒዥየም ድምሩ ከ250 ፒፒኤም በላይ ነው፣ ገንዳው በየቀኑ ሲተን ደግሞ ማዕድኑ ይቀራል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሳህኖቹም ላይ ይጋገራል። በሦስት ወር አንዴ ፈትታችሁ እዩት። ካለበት አንድ እጅ አሲድ ለአራት እጅ ውሃ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ትነክሩታላችሁ። አሲዱን ወደ ውሃው ነው የምትጨምሩት እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም። ከሌለበት ግን አትንኩት፣ እያንዳንዱ እጥበት የሳህኑን ልባስ ይበላል።

በብርዱ ወራት ውሃው ከ50ዎቹ ፋራናይት ሲወርድ አብዛኞቹ ማሽኖች ራሳቸውን ያጠፋሉ። አትደንግጡ፣ አልተበላሹም። ብርድ ላይ ክሎሪን ብዙ አይበላም፣ በሳምንት አንዴ በረኪና በእጅ ይበቃል። ደግሞ የገንዳችሁ ዳር ለስላሳ የተፈጥሮ ድንጋይ ከሆነ ጨው የደረቀበት ድንጋይ ስለሚላጥ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።

ሴንሰር ያለው መቆጣጠሪያ፦ ንጉሡ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ይሄ ነው ቢጫ ጠብታ ያሳየኝ።

ሁለት ሴንሰር አለው። አንዱ ፒኤች ያነባል። ሌላው ኦአርፒ የሚባለውን፣ ማለትም ውሃው ቆሻሻንና ጀርምን ኦክሲዳይዝ የማድረግ አቅሙን፣ በሚሊቮልት ያነባል። 650 እስከ 750 የተለመደው ክልል ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ክሎሪን ፓምፑን ወይም የጨው ማሽኑን ያስነሳል፣ ፒኤች ሲወጣ አሲድ ፓምፑን። በወረቀት ላይ ፍጹም ነገር ነው። በሆቴልና በሕዝብ መዋኛ የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው፣ እዚያም በደንብ ይሠራል።

ቤት ስታመጡት ግን ነገር ይበላሻል። ያቺ ያዟት ያልኳችሁ የጃንጥላ ስሌት የምትመለሰው እዚህ ነው። ኦአርፒ የሚያነበው ክሎሪኑ ስንት ፒፒኤም እንደሆነ ሳይሆን ነፃ ሆኖ የሚሠራውን ክፍል ነው። ጣሪያ ሥር ያለ ገንዳ ስታቢላይዘር ስለማያስፈልገው ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ፀሐይ ላይ ያለ የጨው ገንዳ ግን ብዙ አምራቾች ስታቢላይዘሩን ከ60 እስከ 80 አድርጉ ይላሉ፣ እዚያ ላይ ኦአርፒው ይተኛል። በእኔ ገንዳ ክሎሪኑ 3 ሲሆንም 6 ሲሆንም ስክሪኑ ላይ ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እንዲሠራላችሁ ከፈለጋችሁ ስታቢላይዘሩን 30 አካባቢ ማቆየት አለባችሁ፣ ያኔ ደግሞ ፀሐይዋ ክሎሪኑን ትጨርሰዋለች። ከሁለት ያጣ።

ሁለቱ ሴንሰሮችም የተጠላለፉ ናቸው። ፒኤች ሲወጣ የሚሠራው ክሎሪን ይቀንሳል፣ ኦአርፒም አብሮ ይወርዳል፣ ማሽኑም ክሎሪን አነሰ ብሎ ያስባል። ስለዚህ የፒኤቹ ሴንሰር ከዋሸ ሁሉም ይዋሻል። ሴንሰሩን ከጨው ማሽኑ በኋላ ከገጠማችሁትማ የኤሌክትሪኩና የሃይድሮጅኑ አረፋ ንባቡን ያምሱታል፤ ቦታው ከፊልተሩ በኋላ፣ ከማሞቂያውና ከጨው ማሽኑ በፊት ነው።

ጥገናው ምን ይመስላል? በወር አንዴ ሴንሰሮቹን ፈትቶ ማጽዳት። የፒኤቹን ሴንሰር ፒኤቹ 7 እና 10 ወይም 7 እና 4 መሆኑ በታወቀ ፈሳሽ ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም ንባቡን ማስተካከል። ከዚያም በጠብታ ማመሳከር፣ ምክንያቱም ፈሳሹ ውስጥ በትክክል ያነበበ ሴንሰር ገንዳ ውስጥ ሊሳሳት ይችላል። ጫፉ ላይ ያለችው የመስታወት አምፑል ከደረቀች ሞተች ማለት ስለሆነ ፓምፑ ለረጅም ጊዜ ሲቆም አውጥታችሁ ማስቀመጫ ፈሳሹ ውስጥ ማኖር አለባችሁ፤ ንጹህ የተጣራ ውሃ ውስጥ ግን አይሆንም፣ ያበላሻታል። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ትቀየራለች፣ ከ100 ዶላር በላይ። እኔ ካሊብሬሽኑን ለሰባት ወር ረስቼው ነበር። ጥፋቱ የማሽኑ ነው ብዬ መማል አልችልም።

ስለ ደኅንነቱ ደግሞ በዝርዝር ልናገር፣ ምክንያቱም ቀልድ አይደለም። አሲድና በረኪና ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል። ዋናው ፓምፕ ቆሞ ትንንሾቹ ፓምፖች መላክ ከቀጠሉ ሁለቱ ቧንቧው ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ዋናው ፓምፕ ሲነሳ ጋዙ ሰው ወዳለበት ገንዳ ይወጣል። በሕዝብ መዋኛዎች ሰው ሆስፒታል ያስገባ ነገር ነው። ስለዚህ ውሃ እየፈሰሰ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማብሪያ የሌለው ማሽን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ሁለቱ የሚገቡበት ቀዳዳ ይራራቅ፣ ሁለቱም ከማሞቂያው በኋላ ይሁኑ፣ በአንድ ጊዜም አይሥሩ። በቀን ከዚህ በላይ አትጨምር የሚል ገደብ ካለው ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉት። የእኔ ማሽን ያ ገደብ ነበረው። ከፋብሪካ እንደመጣ ትቼው ነበር።

ዋጋው ከነፓምፖቹና ከነመግጠሚያው ከ1,500 እስከ 3,500 ዶላር ይሄዳል። ስልክ ላይ የሚያሳዩት ተንሳፋፊ መለኪያዎችም አሉ። ብዙዎቹ የሚለኩት ፒኤች፣ ኦአርፒና ሙቀት ነው፤ «ክሎሪን» ብለው የሚያሳዩት ከዚያ የገመቱት ነው። እንደ መጫወቻ ካያችሁት ደስ ይላል።

አሁን ገንዳዬ ላይ ያለው

ከዚያ ቢጫ ጠብታ በኋላ ሴንሰሮቹን ነቀልኳቸው። የጨው ማሽኑ ቀረ፣ ክሎሪኑን እሱ ያመርታል። አሲዱን በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ትልካለች፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ቀን ላይ ዋናው ፓምፕ በሚሠራበት ሰዓት፣ ከዋናው ፓምፕ ኤሌክትሪክ ጋር ታስራ። ጀሪካኑ ውስጥ ግማሽ በግማሽ የቀጠነ አሲድ አለ፣ ከሁለት ጋሎን በላይ አላስቀምጥም። ይህንን ያህል ትንሽ ያደረግኩት አንድ ነገር ተበላሽቶ ሁሉም በአንድ ሌሊት ቢፈስ ገንዳውን አስተካክለዋለሁ እንጂ ማሞቂያ አልቀይርም ብዬ ነው። የአሲድ ትነት ብረት ስለሚበላ ጀሪካኑን ከመሣሪያዎቹ ራቅ አድርጉት፤ የጎረቤቴ ፓምፕ ብሎኖች በአንድ ሰመር ዝገው አይቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየፈላ ክሎሪንና ፒኤች በጠብታ እለካለሁ። አምስት ደቂቃ። አልካሊኒቲ በወር አንዴ፣ ካልሲየምና ስታቢላይዘር በሁለት ወር። ቴይለር ኬ-2006 የሚባለውን ሳጥን ግዙ፣ ክሎሪኑን ጠብታ በመቁጠር ስለሚለካ ቀለም ከቀለም ማመሳሰል የለበትም። የወረቀት መመርመሪያ ግን ለእኔ ሎተሪ ነው።

እንግዲህ ለእናንተስ? ገንዳችሁ ጣሪያ ሥር ከሆነ፣ ወይም ቤቱን ለእንግዳ የምታከራዩና ዛሬ ሁለት ሰው ነገ ሃያ ሰው የሚገባበት ከሆነ፣ በዚያ ላይ በወር አንዴ ካሊብሬት ማድረግን የማይሰለቸው ሰው ካለ፣ ሴንሰር ያለውን ውሰዱ፤ የሰው ቁጥር ሲለዋወጥ ሰዓት ቆጣሪ አያውቅም፣ ሴንሰር ያውቃል። ፀሐይ ላይ ያለ የቤተሰብ ገንዳ ከሆነ ጨውና የአሲድ ፓምፕ። ድንጋያችሁ የሚላጥ ከሆነ ወይም ለጨው ማሽን 2,000 ዶላር ማውጣት ካልፈለጋችሁ የበረኪና ፓምፕ፣ ምንም አይጎድልበትም። በሳምንት አምስት ደቂቃ ለመለካት ጊዜ የለኝም የምትሉ ደግሞ የትኛውንም ማሽን አትግዙ፣ ያንን ገንዘብ በየሳምንቱ ለሚመጣ ሠራተኛ ክፈሉና የሚለካው በጠብታ መሆኑን አረጋግጡ። ውሃውን በኦዞን ጋዝ ወይም በዩቪ ጨረር የሚያጸዱ ማሽኖችን የሚያሻሽጧችሁ ካሉ፣ ሁለቱም ክሎሪን አይተኩም፣ ተጨማሪ ናቸው።

ጋሼ የበረኪናውን ፓምፕ ነው የመረጡት። ውሃውን በከፊል ቀይረን ስታቢላይዘሩን ወደ 40 አወረድነው፣ በርሜሉንም ከሮማኑ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬ ይጮሃል። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ብርቱካን ሆነ፣ ወደ ቀይ አላለም፣ ጥሩ ነው አይደል?» ይሉኛል። ጥሩ ነው ጋሼ። «ደግሞ ክሎሪኑን ስምንት ጠብታ ቆጠርኩ፣ አራት ነው ማለት ነው?» አዎ፣ አራት ነው። «እንግዲያው ሦስት ደቂቃ ልቀንስላት።»